ሥራ ባቆመ የማዕድን ማውጫ ዙሪያ የምንጭንና የከርሠ ምድር ውኃን ጥራት መከታተል

ለድሬዳዋ ገጠር፣ በተለይም ለቢዮ አዋሌ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ ትምህርት

1. መግቢያ

«ቢዮ» በሶማሊኛ ውኃ ማለት ነው። እንደ ቢዮ አዋሌ ባለ ደረቅ አገር አንድ ምንጭ የሰው መጠጥ፣ የፍየልና የግመል ማጠጫ፣ የአትክልትና የጫት መስኖ ነው። ስለሆነም «ምንጩ ተበክሏል» የሚል ወሬ ሲነሣ በሁለት በኩል ጉዳት ሊመጣ ይችላል። አንደኛው፣ ብክለቱ እውነት ሆኖ ሳለ ሰው ሳያውቅ እየጠጣ መቆየቱ ነው። ሁለተኛው፣ ውኃው ደኅና ሆኖ ሳለ ምንጩ በወሬ ብቻ ተትቶ ሴቶችና ልጆች ረጅም መንገድ እንዲሄዱ፣ ወይም ከአሸዋማው ወንዝ ላይ ጭረው ከዚያ የከፋ ውኃ እንዲጠጡ መገደዳቸው ነው። ከሁለቱም ጉዳት የሚያድነው በየጊዜው ተለክቶ በጽሑፍ የተቀመጠ መረጃ ነው።

በብዙ ቦታ እንደሚታየው የማዕድን ወይም የድንጋይ ማውጫ ሥራ ላይ ሳለ አቧራው፣ ፍንዳታውና መኪናው የሁሉንም ዓይን ይስባል። ሥራው ሲቆም ግን ጉዳዩ ያበቃ ይመስላል። ይህ የተሳሳተ ግምት ነው። ሠራተኛውና መሣሪያው ቢሄዱም የተከፈተው ጉድጓድ፣ የተቆለለው አፈርና ድንጋይ፣ የቀረው ዝቃጭ በቦታው ናቸው፤ ዝናቡም በእነርሱ ውስጥ ማለፉን አያቆምም።

በዚህ ጽሑፍ የልማት ሠራተኛውና የማኅበሩ የውኃ ኮሚቴ በቀላል መሣሪያ ሊሠሩት የሚችሉትን ክትትል ደረጃ በደረጃ እናቀርባለን። አሠራሩ በአካባቢው የቀረ የድንጋይ፣ የአሸዋ፣ የወርቅ ወይም የሌላ ማዕድን ቁፋሮ ላለበት ቀበሌ ሁሉ ያገለግላል።

2. ሥራ ያቆመ ማውጫ ውኃን የሚለውጠው እንዴት ነው?

ለውጡ በአብዛኛው በአራት መንገድ ይመጣል።

ሀ. በአሲድ። ወርቅ፣ መዳብና የድንጋይ ከሰል በሚገኙባቸው ብዙ አለቶች ውስጥ ድኝ ያለባቸው ማዕድናት አሉ። ከእነዚህ በብዛት የሚታወቀው ወርቅ መሳዩ ፓይራይት ነው። ፓይራይት ከመሬት በታች ተዘግቶ ሲኖር ምንም አያደርግም። ቁፋሮ ለአየርና ለውኃ ሲያጋልጠው ግን የድኝ አሲድና የተሟሟ ብረት ይሰጣል። አሲዱም በተራው ከአለቱ ውስጥ ዚንክን፣ ካድሚየምን፣ ኒኬልንና ሌሎችን ያወጣል። ይህ ሂደት ማውጫው ከተዘጋ በኋላ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ሊቀጥል ይችላል።

ለ. በውኃው ከፍታ መመለስ። ጥልቅ ማውጫ ሥራ ላይ ሳለ ውኃው በፓምፕ ይወጣል። ፓምፑ ሲቆም ውኃው ተመልሶ ይሞላል፤ በግድግዳው ላይ የደረቀውን ጨውና ብረት አጥቦ ይዞ ይወጣል። በእንግሊዝ አገር፣ በኮርንዎል የሚገኘው ዊል ጄን የተባለው የቆርቆሮ ማዕድን ማውጫ እ.ኤ.አ. በ1991 ሥራ አቁሞ ፓምፑ ጠፋ። በጥር 1992 እ.ኤ.አ. በአሥር ሚሊዮኖች ሊትር የሚቆጠር አሲዳማ ውኃ በአንድ ጊዜ ፈንቅሎ ወጥቶ ወንዙን እስከ ባሕሩ መግቢያ ድረስ ብርቱካንማ አደረገው። አደጋው የደረሰው ማውጫው ከቆመ በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል።

ሐ. በተተወ ቁሳቁስ። የነዳጅና የዘይት በርሜል፣ የዝቃጭ ግድብ፣ የፈንጂ ቅሪት ተጥሎ ሊቀር ይችላል። ለድንጋይ ማፍረሻ በሰፊው የሚያገለግለው ፈንጂ ከአሞኒየም ናይትሬት የሚሠራ ስለሆነ ሳይፈነዳ የቀረው በዝናብ ሟሙቶ ናይትሬትን ወደ ከርሠ ምድር ውኃ ያስገባል።

መ. በክፍት ጉድጓዱ። አፈር ውኃን እንደ ወንፊት ያጣራል። አፈሩ ተገፎ አለቱ ሲገለጥ ይህ ማጣሪያ ይጠፋል። በጉድጓዱ የተጠራቀመው ጎርፍ፣ የሚጣልበት ቆሻሻና የሞተ እንስሳ ሳይጣራ ወደ ታች ይወርዳል። በአሸዋማ ወንዝ ላይ ደግሞ አሸዋው ከመጠን በላይ ሲወጣ የወንዙ ወለል ዝቅ ይላል፤ በዳር ያሉ እጅ ጉድጓዶችም ይደርቃሉ።

3. የድሬዳዋ ድንጋይና የውኃው ጠባይ

በድሬዳዋ ዙሪያ ያሉት ኮረብቶች በብዛት የኖራ ድንጋይና የአሸዋ ድንጋይ ናቸው። በከተማዋ ሲሚንቶ ማምረት በጣሊያን ወረራ ዘመን የተጀመረውም ይኸው የኖራ ድንጋይ በቅርብ በመገኘቱ ነው። የኖራ ድንጋይ በክትትል ሥራ ላይ ሦስት ነገሮችን ያስከትላል።

አንደኛ፣ የኖራ ድንጋይ አሲድን ያበርዳል። በዚህ አገር የውኃው ፒኤች ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 8 ይሆናል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ያዘናጋል። አሲዱ ከበረደ በኋላ ብረቱ ወርዶ ቢቀርም ሰልፌት በውኃው ውስጥ ይቀጥላል፤ አርሴኒክም በዚህ ፒኤች ሊሟሟ የሚችል ነው። ስለዚህ «ፒኤቹ ደኅና ነው» ማለት «ውኃው ደኅና ነው» ማለት አይደለም።

ሁለተኛ፣ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ውኃ የሚሄደው በስንጥቅና በዋሻ ነው። በአሸዋ ውስጥ ወራት የሚፈጅበትን መንገድ እዚህ በቀናት ሊጨርሰው ይችላል። አካሄዱም የመሬቱን ቁልቁለት ላይከተል ይችላል፤ በአንድ ሸለቆ የገባው በሌላ ሸለቆ ሊወጣ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ውኃው በተፈጥሮው ከባድ ነው። በጀበናና በድስት ላይ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት፣ በምንጭ አፍ ላይ የሚታየው ነጭ ድንጋይ ኖራ ነው እንጂ የማዕድን ማውጫ መርዝ አይደለም። ይህን ለሕዝቡ ማስረዳት የልማት ሠራተኛው ተግባር ነው።

በተጨማሪ መታወስ ያለበት፣ በድሬዳዋ ከተማ የከርሠ ምድር ውኃ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ናይትሬት ከፍ ብሎ መገኘቱን፣ ምክንያቱም በዋናነት የመጸዳጃ ጉድጓድና የቤት ፍሳሽ መሆኑን ማሳየታቸው ነው። ስለሆነም በውኃ ውስጥ የተገኘ ችግር ሁሉ ከማዕድን ማውጫ የመጣ ነው ብሎ መነሣት ስሕተት ነው። ትክክለኛው ጥያቄ «ከየት መጣ?» የሚለው ነው።

4. ከለገ ደምቢ የምንማረው

ይህ ጥያቄ በወቅቱ መልስ ሳያገኝ ሲቀር የሚሆነውን ለማየት ከድሬዳዋ ወጥተን ወደ ደቡብ፣ በጉጂ ዞን ሻኪሶ አጠገብ ወዳለው ወደ ለገ ደምቢ የወርቅ ማውጫ እንመለከታለን። ማውጫው እ.ኤ.አ. በ1997 ከመንግሥት ወደ ሚድሮክ ተዛወረ። የአካባቢው ነዋሪዎች ከማውጫው የሚወጣው ፍሳሽ በሰው፣ በጽንስና በከብት ጤና ላይ ጉዳት አድርሷል ሲሉ ለዓመታት አቤቱታ አቀረቡ፤ ኩባንያው ክሱን አስተባበለ። ብርቱ ተቃውሞ ከተነሣ በኋላ ፈቃዱ በ2010 ዓ.ም. ታገደ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ሥራው እንደገና ተጀመረ። ሂዩማን ራይትስ ዋች የተባለው የሰብዓዊ መብት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጽሑፍ በቦታው የተደረጉ ጥናቶች ለሕዝብ ይፋ እንዲሆኑ ጠይቋል።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ለማኅበራት ትልቅ ነው። ማውጫው ለሦስት ዓመት ያህል ቆሞ ነበር። እንዲህ ያለው የዝምታ ጊዜ ለመለካት ከሁሉ የተሻለ ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም ማውጫ ተመልሶ ሲከፈት «ከዚህ በፊት ውኃው እንዴት ነበር?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚገኘው በዚያ ጊዜ ከተጻፈው ነው። ነዋሪው በእጁ የተያዘ፣ ቀንና ቦታው የታወቀ ልኬት ከሌለው ክርክሩ የቃል በቃል ሆኖ ይቀራል። መዝገብ ያለው ማኅበር ግን የሌላውን ጥናት ከራሱ ቁጥር ጋር ያመሳክራል፤ በትክክል ምን መጠየቅ እንዳለበትም ያውቃል።

5. የክትትል ሥራ ደረጃዎች

ሀ. ካርታ መሥራት

የልማት ሠራተኛው ከውኃ ኮሚቴውና ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር ሆኖ የቀበሌውን ንድፍ በወረቀት ላይ ይሥራ። በንድፉ ላይ ማውጫው፣ የአፈርና የድንጋይ ክምሩ፣ ምንጮች፣ ጉድጓዶች፣ ጎርፍ የሚሄድበት ሸለቆ፣ መጸዳጃ ቤቶች፣ የከብት ማደሪያና ማዳበሪያ የሚጨመርበት ማሳ ይግቡ። ውኃ የሚቀዱ ሴቶች ምንጩ መቼ እንደሚደፈርስ፣ መቼ ጣዕሙ እንደሚለወጥ፣ በየትኛው ወር እንደሚቀንስ ከማንም በተሻለ ያውቃሉና ሳይጠየቁ አይታለፉ።

ለ. የመለኪያ ቦታ መምረጥ

ቢያንስ አራት ቦታዎች ያስፈልጋሉ፦
– ከማውጫው በላይ የሚገኝና ማውጫው ሊነካው የማይችል አንድ ምንጭ ወይም ጉድጓድ፤ ይህ ማነጻጸሪያ ነው፤
– በማውጫው ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ፤
– ከማውጫው በታች በቅርብ ያለው ምንጭ ወይም ጉድጓድ፤
– ራቅ ብሎ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ምንጭ።
ማነጻጸሪያ የሌለው ክትትል ብዙ ደክሞ ምንም እንደማያስረዳ እናስገነዝባለን። እያንዳንዱ ቦታ ቁጥር ይሰጠው፤ ቁጥሩም በኋላ አይለወጥ። በአሮጌ ማውጫ ውስጥ ግድግዳ ሊናድ፣ አየሩም ሊያፍን ስለሚችል ማንም ብቻውን አይግባ፤ በዋሻ ውስጥ ካለ ውኃ ናሙና አይወሰድ።

ሐ. በቦታው የሚለካ

የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው፦ ቴርሞ ሜትር፣ የፒኤች መለኪያ፣ የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ መለኪያ፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ሰዓት፣ ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት የሜትር ገመድና ደብተር።

በውኃ ውስጥ የሟሟ ጨውና ማዕድን በበዛ መጠን ውኃው ኤሌክትሪክን ይበልጥ ያስተላልፋል። ይህ ልኬት መርዙ ምን እንደሆነ አይናገርም፤ ነገር ግን አንድ ነገር መለወጡን ቶሎ ያሳውቃል። ስለዚህ ከሁሉም የቦታ ልኬቶች ይህን እናስቀድማለን። መለኪያዎቹ ከመሄድ በፊት በማመሳከሪያ ፈሳሽ ይስተካከሉ።

የምንጩን ፍሰት ለመለካት ውኃውን በቦይ ሰብስቦ ወደ ጀሪካኑ ማስገባትና ለመሙላት የወሰደውን ሰኮንድ መቁጠር ነው። ለምሳሌ 20 ሊትር በ40 ሰኮንድ ከሞላ ፍሰቱ በሰኮንድ 0.5 ሊትር ነው። ሦስት ጊዜ ለክቶ አማካዩን መጻፍ ይገባል። በእጅ ጉድጓድ ላይ ደግሞ በአፉ ላይ ምልክት አድርጎ ሁልጊዜ ከዚያው ምልክት ተነሥቶ እስከ ውኃው ገጽ ያለውን ጥልቀት መለካት ነው። ይህም ጠዋት ውኃ ከመቀዳቱ በፊት ይደረግ።

መ. ናሙና መውሰድ

ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ ያደረ ውኃ የከርሠ ምድሩን ውኃ አይወክልም። ስፋቱ 15 ሳንቲ ሜትር በሆነ ጉድጓድ ውስጥ 20 ሜትር ውኃ ቢኖር መጠኑ ወደ 350 ሊትር ይሆናል፤ በደንቡ መሠረት ይህን ሦስት እጥፍ አውጥቶ ከዚያ በኋላ ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል። በውኃ ችግር አገር አንድ ሺህ ሊትር በከንቱ ማፍሰስ ግን ተገቢ አይደለም። ስለዚህ ሕዝቡ ጠዋት ለሁለት ለሦስት ሰዓት ያህል ከቀዳ በኋላ፣ ፓምፑ ሥራ ላይ ሳለ ናሙናው ይወሰድ። ሥራው ይፈጸማል፤ ውኃውም አይባክንም።

የናሙና አወሳሰዱ እንደሚከተለው ነው፦
– ለብረታ ብረት ምርመራ ከላቦራቶሪው የተሰጠ ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይወሰድ፤ ውኃው ተጣርቶ ላቦራቶሪው የሚሰጠው ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበት። አሲዱ ያቃጥላልና ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል።
– ለናይትሬትና ለሰልፌት ሌላ ጠርሙስ ይወሰድ፤ በውኃው ሦስት ጊዜ ይለቅለቅ፤ አሲድ አይጨመርበት፤ በበረዶ ሣጥን ተይዞ ናይትሬቱ በ48 ሰዓት ውስጥ ይመርመር።
– ለጀርም ምርመራ በሙቀት የጸዳ ጠርሙስ ይወሰድ፤ አይለቅለቅ፤ የክዳኑ ውስጥ በእጅ አይነካ፤ በበረዶ ተይዞ ከተቻለ በ6 ሰዓት፣ ቢዘገይ በ24 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ይድረስ።
– ከአሥር ናሙና አንዱ በድብቅ ቁጥር ሁለት ጊዜ ይላክ። ሁለቱ ውጤቶች እጅግ ከተራራቁ ናሙናው ወይም ምርመራው መፈተሽ አለበት።
በምሳ ዕቃ፣ በለስላሳ መጠጥ ወይም በዘይት ጠርሙስ የተወሰደ ናሙና ዋጋ የለውም።

ሠ. የመለኪያ ጊዜ

በቦታው የሚለካው በየወሩ ይሁን። የላቦራቶሪ ናሙና በመጀመሪያው ዓመት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይወሰድ፦ በጥር በደረቁ ወቅት፣ የበልጉ የመጀመሪያ ከባድ ዝናብ በዘነበ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ እንደዚሁም በነሐሴ። ከእነዚህ የበልጉ የመጀመሪያ ዝናብ እንዳያመልጥ አደራ እንላለን። በበጋ በድንጋይ ክምሩ ላይ የደረቀው ጨው ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚታጠበው በዚያን ጊዜ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ብዙ ሕይወት እንዳጠፋ ይታወቃል፤ ጎርፍ ሲያሰጋ ማንም ለናሙና ብሎ ወደ ሸለቆ አይውረድ።

6. ውጤቱን መተርጎም

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ካወጣቸው ወሰኖች ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉት፣ በሊትር በሚሊ ግራም፣ የሚከተሉት ናቸው፦
አርሴኒክ 0.01፣ እርሳስ 0.01፣ ካድሚየም 0.003፣ ኒኬል 0.07፣ ፍሎራይድ 1.5፣ ናይትሬት 50።
የሰገራ ጀርም በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ከቶ መገኘት የለበትም።

ለመስኖ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት መመሪያ የኤሌክትሪክ ማስተላለፍን ይመለከታል። ልኬቱ በሳንቲ ሜትር ከ700 ማይክሮ ሲመንስ በታች ከሆነ ጨዋማነቱ አያሰጋም፤ ከ700 እስከ 3,000 ጥንቃቄና የሰብል ምርጫ ይጠይቃል፤ ከ3,000 በላይ ለአብዛኛው ሰብል አይሆንም። ለከብት ደግሞ ሰልፌት በሊትር ወደ 1,000 ሚሊ ግራም ሲጠጋ ተቅማጥና የክብደት መቀነስ ሊያመጣ ስለሚችል፣ በተለይ ለግልገልና ለጥጃ፣ ሌላ ውኃ መፈለግ ይገባል።

ከወሰኑ ጋር ማነጻጸር ብቻ አይበቃም። የሚከተሉት ምልክቶች ምንጩን ለመለየት ይረዳሉ፦

– ማስተላለፉና ሰልፌቱ ከማውጫው በታች ከፍ ብለው ከማውጫው በላይ ዝቅ ካሉ ማውጫው ሊጠረጠር ይገባል።
– ከላይም ከታችም እኩል ከፍ ካሉ ጠባዩ የአለቱ የተፈጥሮ ጠባይ ሊሆን ይችላል።
– ናይትሬት ከሰገራ ጀርምና ከክሎራይድ ጋር አብሮ ከጨመረ መጸዳጃ ቤትን ወይም የከብት ማደሪያን እንጠረጥራለን። ናይትሬት ብቻውን ከጨመረ ማዳበሪያን ወይም የፈንጂ ቅሪትን እንመረምራለን።
– በምንጩ አፍ ላይ ብርቱካንማ ዝቃጭ መታየቱ የብረት ምልክት ነው። በውኃው ላይ የሚንሳፈፍ ዘይት መሳይ ሽፋን በእንጨት ሲነካ እንደ ቀጭን መስተዋት ከተሰባበረ ብረት የሚመገቡ ተሕዋስያን ሥራ ነው፤ ሳይሰባበር ተመልሶ ከገጠመ ነዳጅ ወይም ዘይት ነው።
– ውኃው ጥርት ያለና ጣዕም የሌለው መሆኑ ማረጋገጫ አይደለም። አርሴኒክና ናይትሬት በዓይንም በምላስም አይታወቁም።

ፍሰቱን ለምን እንለካለን? አንድ ምሳሌ እንስጥ። በበጋ አንድ ምንጭ በሰኮንድ 0.5 ሊትር ይሰጣል፤ ሰልፌቱም በሊትር 60 ሚሊ ግራም ነው። በሰኮንድ የሚወጣው ሰልፌት 30 ሚሊ ግራም ነው ማለት ነው። በዝናብ ጊዜ ፍሰቱ 2 ሊትር ሆነ፤ ሰልፌቱም ወደ 40 ወረደ። ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው ውኃው ተሻሻለ ይላል። ነገር ግን በሰኮንድ የሚወጣው 80 ሚሊ ግራም ሆኗል። ዝናቡ ከአንድ ቦታ ሰልፌትን እያጠበ ነው ማለት ነው፤ ቦታውም መፈለግ አለበት።

በእኛ ምክር፣ የአንድ ቦታ ማስተላለፍ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር በሩብ ያህል ጨምሮ በሚቀጥለውም ወር ካልተመለሰ፣ ወይም ፒኤቹ በአንድ ቁጥር ከወረደ፣ መደበኛውን ጊዜ ሳይጠብቁ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ መላክ ይገባል።

7. መዝገብ አያያዝ

መዝገቡ ሁለት ቅጂ ይኑረው፤ አንዱ በማኅበሩ፣ ሌላው በልማት ጣቢያው ይቀመጥ። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ የቦታ ቁጥር፣ የአየሩ ሁኔታ፣ የመጨረሻው ዝናብ የዘነበበት ቀን፣ ሙቀት፣ ፒኤች፣ ማስተላለፍ፣ ፍሰት ወይም ጥልቀት፣ የለካው ሰውና የተመለከተው ሰው ፊርማ ይጻፍ። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ይሰረዝ እንጂ አይፋቅ። ውጤቱ በየሦስት ወሩ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ በሚሰማው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም በሶማሊኛም፣ ይነበብ። ውጤቱ ደኅና በሆነ ጊዜም መነበብ አለበት፤ ሕዝቡ በመዝገቡ የሚያምነው መልካሙንም ክፉውንም ሲሰማበት ነው።

8. ችግር ሲገኝ ምን ይደረጋል?

ሀ. በመጀመሪያ በሳምንት ውስጥ ናሙናው ይደገም። በአንድ ውጤት ብቻ ምንጭ አይዘጋ፤ ይሁን እንጂ አርሴኒክ፣ እርሳስ ወይም ካድሚየም ከወሰኑ በላይ ከተገኘ ድጋሚው እስኪመጣ ድረስ ለመጠጥና ለምግብ ሌላ ውኃ ይፈለግ። ናይትሬት ከፍ ካለ በተለይ ከስድስት ወር በታች ላሉ፣ በጡጦ ለሚመገቡ ሕፃናት አይሰጥ።

ለ. ውኃን ማፍላት ጀርምን ይገድላል፤ ብረታ ብረትንና ናይትሬትን ግን አያስወግድም። እንዲያውም ውኃው በተነነ መጠን የቀረው ይበልጥ ይጠነክራል። ክሎሪንም እንደዚሁ ነው። የሽፈራው ፍሬ ዱቄት ድፍርስን ለማጥለል ቢረዳም የሟሟ መርዝን ያወጣል ተብሎ አይታመንበት። «አፍልታችሁ ጠጡ» የሚለው የተለመደ ምክር እዚህ ላይ ሊጎዳ እንደሚችል የልማት ሠራተኛው ያስተውል።

ሐ. ማኅበሩ በራሱ አቅም የሚሠራቸው ነገሮች አሉ፦ ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ በቦይ ከክምሩና ከጉድጓዱ ማራቅ፣ በጉድጓዱ ውስጥ ቆሻሻና በድን እንዳይጣል መከልከል፣ ዙሪያውን በድንጋይ ወይም በእሾህ ማጠር፣ የምንጩን ራስ መከለልና ከብት ማጠጫውን ወደ ታች ማውረድ። በርሜልና የማይታወቅ ዱቄት ግን አይነካ፤ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይነገር።

መ. የመዝገቡ ቅጂ ተያይዞ ለውኃ፣ ለጤናና ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች በጽሑፍ ይቅረብ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በአንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል፣ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት ሊያቀርብ እንደሚችል ደንግጓል። ማኅበሩ ከማመልከቱ በፊት በሥራ ላይ ያለውን ሕግና የቀን ገደቡን ከፍትሕ መሥሪያ ቤት ያረጋግጥ። ቀን መቁጠር የሚጀምረው ማመልከቻው ከገባበት ዕለት ስለሆነ የገባበት ቁጥርና ማኅተም ያለበት ቅጂ ይያዝ።

9. ማጠቃለያ

ሥራ ያቆመ ማውጫ ለማኅበሩ ሁለት ነገር ነው። በአንድ በኩል ያላለቀ አደጋ ነው፤ በሌላ በኩል ደግሞ አቧራና ክርክር ሳይኖር ለመለካት የተገኘ ጊዜ ነው። ይህ ጊዜ ምን ያህል እንደሚቆይ የሚወስነው ማኅበሩ አይደለም። ስለሆነም ውድ መሣሪያ እስኪመጣ ሳይጠበቅ በጀሪካን፣ በሰዓትና በደብተር ሥራው ዛሬ እንዲጀመር፣ መለኪያውና ላቦራቶሪው እንደተገኘ እንዲጨመር እንመክራለን።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቀበሌያችሁ ማነጻጸሪያ ሊሆን የሚችለው ምንጭ የትኛው ነው? ለምን?
2. የአንድ ጉድጓድ ፒኤች 7.4 ሆኖ ሳለ ማስተላለፉ በሁለት ወር ውስጥ ከ800 ወደ 1,150 ቢወጣ ምን ታደርጋላችሁ?
3. ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በ25 ሰኮንድ ቢሞላ የምንጩ ፍሰት ስንት ነው? በቀንስ ስንት ጀሪካን ይሆናል?
4. ከማኅበሩ አባላት ማን ይለካል? ማን ይመለከታል? መዝገቡስ በማን እጅ ይቀመጣል?